ስለ እትዬ ሰብሌ ገበቴና ገበያው መግቢያ ላይ ስለተሰቀለው ባነር

ለተከበሩ አቶ ደርበው፣
የሾላ ምንጭ የገና እንግዶች አቀባበል ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ጤና፣ እንዲሁም የጄኔሬተርዎንና የድምፅ ማጉያዎን ጤና በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስል ዘንድሮ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በሾላ ምንጭ ሰው አልተገደለም ማለቴ ነው፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም በገና ዋዜማ እንደዚሁ ለማለት እንድንበቃ ነው።

ጸሐፊው ማን ይሆን ብለው እንዳይቸገሩ፣ እኔ ዋኘው ፈንታሁን ነኝ። በገና ሰሞን የእግር መታጠቢያውን ውኃ ከምንጩ በአህያ ጭኜ የማመጣው፣ በበርሜልም የማሞቀው እኔ ነኝ፤ በላስታ ምድር ከእኔ የተሻለ ውኃ የሚያሞቅ ሰው ካለ አድራሻውን ይላኩልኝ። አምና ለስብሰባ ጠርታችሁን ስታበቁ ጣቴን ቀለም ነክራችሁ አስፈርማችሁኛል። ዘንድሮ ያው ጣት እስክሪብቶ ይዟል። የማታ ትምህርት ገብቼ ፊደሉን ጨርሻለሁ፤ ከጎልማሶቹም አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴ ገለቴ አንደኛዋ እሷ እንደሆነች በየጎረቤቱ ታወራለች፤ የትዳር ነገር ነውና ችዬ ዝም ብያለሁ። መምህርታችን ወይዘሪት ፍቅርአዲስ፣ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ጩኸት ነው ብላ ስላስተማረችን የእኔን በቁጥር አድርጌልዎታለሁ።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ቢሮዎ ላደርስልዎ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን የእናንተ ባነር የተሰቀለው ገበያው መግቢያ ላይ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ በሚያየው ቦታ ነውና መልሱም እዚያው ከሥሩ ቢለጠፍ ይሻላል አልኩ። ስማቸውን እንድጠራ ጎረቤቴን እትዬ ሰብሌን አስፈቅጃለሁ። «ስሜን እንደሆነ ሸራ ላይ ጽፈውታል፤ አንተ ወረቀት ላይ ብትደግመው ምን ይጎድልብኛል» ብለውኛል። የእንግዳውን ስም ግን አልጽፈውም። እናንተ በቀይ ቀለም፣ የአህያዬን ጆሮ በሚያህል ፊደል ስለጻፋችሁት የእኔ መድገም አያስፈልገውም።

፩. በመጀመሪያ ስለ መድረኩ አመሰግናለሁ።

ባነሩ ሥር ቆሞ ለሚያነብ የሩቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ከገነተ ማርያም በኩል በእግሩ ወደ ላሊበላ የሚወጣ የገና ተሳላሚ ሁሉ በእኛ መንደር ያልፋል። መንገዱ ዳር ካለው ሾላ ሥር ይቀመጣል፤ እኛም እግሩን በእንጨት ገበቴ እናጥበዋለን። ሕጉን ከአባቶቻችን ወርሰነዋል። የሚያጥብ ሰው ቀና ብሎ ፊት አያይም፤ ስምም አይጠይቅም። የገና እንግዳ ስም የለውም እንላለን። ልጅ ሆኜ ለምን ብዬ አያቴን ስጠይቀው፣ «ብታየው ባለጋራህ ይሆንና ውኃውን ትደፋበታለህ፤ ውኃ ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣ» አለኝ።

አምና እናንተ መጥታችሁ መድረኩን በትክክል እንግዶቹ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ተከላችሁልን፤ እንግዶቹንም ወደ እሾሁ በኩል ገፋችሁልን። ከዚያ ዝነኛው ዘማሪ እግር ሊያጥብ መጣ። የእውነተኛዎቹ ተሳላሚዎች እግር ተሰነጣጥቆ፣ ጣቱ በእንቅፋት ተልጦ ስለነበር ለካሜራ አይመችም ተባለ። ስለዚህ ከከተማ በመኪና የመጡ ወጣቶችን ጋቢ አልብሳችሁ አስቀመጣችሁ፤ እግራቸውን እኔ ባሞቅሁት ውኃ ቀድማችሁ አሳጠባችሁ፤ መንገደኛ እንዲመስሉም ጥቂት አፈር ነሰነሳችሁባቸው። ዘማሪው አጠበ። ካሜራ የያዘው ልጅ «እንደገና!» አለ። ዘማሪው እንደገና አጠበ። ፀሐይ ገባችበት ተባለና ደግሞ አጠበ። ክቡር ሰብሳቢ፣ ያን ቀን ከእነዚያ ወጣቶች የጠራ እግር በኢትዮጵያ አልነበረም። ከራያ በእግራቸው የመጡት አሮጊት ደግሞ እሾሁ ሥር ተቀምጠው፣ «ልጄ፣ ሠርግ ነው እንዴ?» ብለው ጠይቀውኛል። ሙሽራው ማን እንደሆነ ስላላወቅሁ ውኃ ብቻ ቀዳሁላቸው።

የመዝሙር ጠላት ነው እንዳይሉኝ። የዚያው ዘማሪ መዝሙር ስልኬ ላይ አለ፤ አህያዬም ዳገት ላይ ያለ እሱ አትራመድም። መዝሙር ጉልበቴን ሲያጥፈው እወዳለሁ። አምና ግን የሰውን ጉልበት ሲያጥፍ አላየሁም፤ ያነሣ የነበረው ስልክ የያዘ እጅ ብቻ ነው። እኔም አንሥቻለሁ፤ ለዚያውም ከሁሉ ከፍ አድርጌ።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ካሜራው ነው።

መድረኩ ላይ ያ ሁሉ ሲሆን እትዬ ሰብሌ ዳር ላይ፣ እሾሁ አጠገብ፣ እንደ ወትሮው አጎንብሰው ያጥቡ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ ዘማሪው ሲሰለቸው ወደ እሳቸው ዞረ። ከእግር የሚንጠባጠበውን ውኃ ሊያነሣ ካሜራውን መሬት ላይ አጋደመው፤ ከመሬት ወደ ላይ ሲያይ ጊዜ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ የአንድ ሰው ፊት ከሥር ታየ። ቻናላችሁ ላይ ወጣ። ከዚያ ሰውየውን የሚያውቅ አንድ የአገሩ ልጅ ከቪዲዮው ሥር ስሙን ጻፈ። እናንተ ደግሞ ያንን እንደ ማጥፋት አንሥታችሁ ርእስ አደረጋችሁት፤ «ልብ የሚሰብር! እናት የልጇን ገዳይ እግር ስታጥብ» አላችሁ። ልብ መስበሩስ ሰብሯል።

እውነት ነው። ሰውየው በወሰን ጠብ የእትዬ ሰብሌን ታላቅ ልጅ ሞላልኝን የገደለ ነው። ታስሮ፣ ፍርዱን ጨርሶ ወጥቷል። የደም ዕርቁ ግን ገና ስላልተፈጸመ በአገር ሕግ መንደራችንን ሊረግጥ አይችልም። የሚችለው በገና ሰሞን ብቻ፣ ስም የሌለው እንግዳ ሆኖ ነው። ከወጣ ጀምሮ በየገናው ተከናንቦ ይመጣል፤ ከተርታው መጨረሻ ይቀመጣል፤ እትዬ ሰብሌም መጨረሻው ላይ ያጥባሉ። አውቀው ነው ወይስ ሳያውቁ አይበሉኝ፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። እርስዎም ባይጠይቋቸው ደስ ይለኝ ነበር።

እኛ ግን እናውቅ ነበር። ውኃ አቀባዩ እኔ ነኝና አንገቴን ደፍቼ አቀብላለሁ። እኔ የማላወራው ነገር እንደሌለ መንደሩ ሁሉ ይመሰክርብኛል፤ የጎረቤቴ ላም ያረገዘችውን ከላሟ ባለቤት ቀድሜ ያወራሁ ሰው ነኝ። ይህን ነገር ግን ለገለቴ እንኳ አልነገርኳትም። እሷም ለእኔ አልነገረችኝም። አምና ቪዲዮው ሲወጣ ነው አንድ አልጋ ላይ ተኝተን ሁለታችንም ስናውቅ እንደኖርን የታወቀው። አንድ መንደር ሙሉ ሰው አፉን ይዞ ነበር፣ ክቡር ሰብሳቢ። የነቢያትን ጾም ከወተትና ከሥጋ መጾም ለእኔ ቀላል ነው፤ ከወሬ መጾም ምን እንደሆነ ግን እኔን ይጠይቁኝ።

፫. ስለ ሽምግልናው።

ይህን ሦስተኛ ያደረግሁት ቀድሞ የሆነ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ ንዴት ካሜራውን ስላስቀደመብኝ ነው። የሟች ታናሽ ወንድም የአብስራ ቆቦ ነው የሚሠራው። ቄስ ገብረ ሊባኖስና እህል ነጋዴው አባባ ሐምዳን በሁለቱ ወገኖች መሐል ሲመላለሱ ከርመዋል። አባባ ሐምዳን ቆቦ በወረዱ ቁጥር ልጁ ዘንድ ጎራ ይሉ ነበር፤ ስለ ደሙ አያነሡም፣ ስለ እናቱ ጤና ብቻ አውርተው ይወጣሉ። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን ያዞርባቸው ነበር፤ በኋላ ወንበር አቀረበላቸው፤ በመጨረሻ ራሱ አንሥቶ፣ «እናቴ ከቻለች እኔ ማን ነኝ?» አለ። ከዘንድሮ ገና በኋላ ሁለቱ ወገኖች ያለ ጡሩንባ፣ ያለ ሕዝብ፣ በቄሱ ግቢ ሊገናኙ ነበር።

ከዚያ በቅርቡ የእናንተ ቪዲዮ ቆቦ ደረሰ። የሥራ ባልደረቦቹ ስልካቸውን እያሳዩ፣ «እናትህ ታጥባለች፤ አንተ ደግሞ በፎጣ ታደርቅለታለህ?» አሉት። አንዱ ከነሙዚቃው አድርጎ ምሳ ሰዓት ላይ ከፈተለት። የአብስራ ዕቃውን ሸክፎ፣ አባባ ሐምዳንን ሳይሰናበት ወደዚህ ወጣ። አባባ ሐምዳን እግር በእግር ተከትለውት መጥተው ነበር፤ በሩ ላይ ቆመው ጠርተው ጠርተው መልስ ሲያጡ፣ «ወላሂ፣ ስንፈትል የከረምነውን ዶሮ በተነው» ብለው በትራቸውን ይዘው ተመለሱ። ዶሮ ያሉት እናንተን እንዳይመስላችሁ፤ አባባ ሐምዳን ጨዋ ሰው ናቸው። እንደዚያ የመሰለኝ እኔ ነኝ።

፬. ስለ ባነሩና ስለ ዋንጫው።

ባነሩ «ገዳይና እናት በአንድ መድረክ! ታላቅ የመዝሙርና የይቅርታ ጉባኤ፤ በገና ዋዜማ በሾላ ምንጭ» ይላል፤ ከሥሩ የሁለቱ ስም አለ። ራሴ አነበብኩት፤ በሕይወቴ ያለ ማንም እርዳታ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ እሱ ነው። ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ። ፊደል ስቆጥር ክረምቱን የከረምኩት ለዚህ ይሆን ብዬ ጥቂት ቆሜ ነበር።

ሰዎቻችሁ እትዬ ሰብሌ ቤት ለልምምድ መምጣታቸውንም ሰምቻለሁ፤ ጎረቤት ነኝና የሰማሁት በጆሮዬ ነው። አዲስ ነጭ ቀሚስ ይዘው መጡ፤ ያሮጌው ቀሚሳቸው ቀለም በካሜራ አይወጣም ተባለ። የትኛው ስንኝ ላይ ገበቴው እንደሚቀርብ፣ የትኛው ላይ እንደሚያለቅሱ፣ የትኛው ላይ ሰውየውን ቀና አድርገው እንደሚስሙት ነገሯቸው። እትዬ ሰብሌ፣ «ልጆቼ፣ እኔ የማለቅሰው ቤቴ ነው» አሉ። አንደኛው፣ «እማማ፣ ትንሽ ብቻ፤ ሕዝቡ ትሕትናን እንዲማር ነው» አለ። «ትሕትናን ከእኔ ከተማሩማ አለቀላቸው» ብለው ቀሚሱን አጣጥፈው መለሱለት። ቀሚሱ እስከ ዛሬ በራፋቸው አጥር ላይ ነው፤ የሚወስደው አልተገኘም።

«የዓመቱ ትሑት እናት» የሚል ዋንጫም ተዘጋጅቷል ተብሏል። ትሕትና በዋንጫ ከሆነ እኔ ለምን አልተመዘገብኩም? በትሕትና ከእኔ የሚስተካከል በዚህ ወረዳ እንደሌለ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ምስክርም አለኝ።

ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ በቃል በነገርኩዎ ጊዜ፣ በትዕግሥት ሰምተው፣ «አቶ ዋኘው፣ መብራት ከዕንቅብ በታች አይቀመጥም፤ ዓለም አይቶ ይማር» ብለውኛል። ጥሩ ቃል ነው፤ እኔም ቤቴ እስክደርስ ሳሰላስለው ሄድኩ። ከዚያ ትዝ አለኝ፦ ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ክፍሉ ውስጥ እነሱ ብቻ ነበሩ። ሊሸጠው የተነሣው ሰውም ከታጠቡት አንዱ ነበር። ጌታ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ ግን ወደ ሕዝብ አላወጣውም። እኔ ሰባኪ አይደለሁም፤ ፊደል የጨረስኩትም በቅርብ ነው። ነገር ግን ያን ዕለት የእርስዎ ኮሚቴ በር ላይ ቢኖር ኖሮ ይሁዳን ወደ መድረክ ይጠራው ነበር ብዬ እፈራለሁ። መብራቱን በተመለከተም፣ እትዬ ሰብሌ መብራት ከሆኑ እናንተ ያወጣችኋቸው ወደ መቅረዝ ሳይሆን ወደ ነፋስ ነው።

፭. ይህን የምጽፈው ያለ ቀልድ ነው፤ እጄም እንደ ላይኛው አልፈጠነልኝም።

የአብስራ እናቱ ቤት ከመጣ ጀምሮ የሚያናግረው ሰው የለም። የእናቱን ጉልበት ስሞ ገባ። ጠዋት ጠዋት ተሳላሚ የሚመጣበት መንገድ ዳር፣ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ማጭድ ይስላል። አጨዳው አልቋል፤ እህሉ ጎተራ ገብቷል፤ እሱ ግን ማጭድ ይስላል። እትዬ ሰብሌ ቁርሱን ይዘውለት ይሄዱና አጠገቡ ይቀመጣሉ። ሁለቱም መንገዱን ያያሉ። የማጭዱን ድምፅ እኔ ቤት ሆኜ እሰማዋለሁ፤ ሲቆም ደግሞ የባሰ ይጨንቀኛል።

አሁን የሰማሁት ግን ከማጭዱም ይብሳል። ሰዎቻችሁ እንግዳው ዘንድ ሄደው፣ እናቲቱ በሕዝብ ፊት ሊታረቁህ ይፈልጋሉ፣ መድረክ ላይ ጠርተውሃል ብለውታል። እትዬ ሰብሌ አልጠሩትም። ማንንም አልጠሩም። እሱ ግን አምኖ፣ «እሳቸው ካሉማ ሞትም ቢሆን እመጣለሁ» ብሏል። ስለዚህ በዋዜማው አይከናነብም። ፊቱን ገልጦ፣ ስሙ በማጉያ እየተጠራ፣ ሞላልኝ በወደቀበት መሬት አጠገብ በአደባባይ ያልፋል። የአብስራ ደግሞ ሰው ሁሉ ስልኩን አንሥቶ ወደ እሱ እያየ፣ ምን እንደሚያደርግ እየጠበቀ፣ መንገዱ ዳር ይኖራል። ክቡር ሰብሳቢ፣ አንድ ልጅ የቀበረች እናት በእናንተ ፕሮግራም ላይ ሁለተኛውን ወይ ለመቃብር ወይ ለእስር ቤት ልትሰጥ ነው። ይህ በየትኛው ስንኝ ላይ እንደሚገባ ሰዎቻችሁ አልነገሯቸውም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ይህ ነው። ባነሩ ይውረድ፤ ቪዲዮው ይነሣ። እትዬ ሰብሌ እንዳልጠሩት ለእንግዳው እርስዎ ራስዎ ሄደው፣ በገዛ አፍዎ ይንገሩት፤ ሰው አይላኩ፤ የላኳቸው ሰዎች የሚናገሩትን አይተናል። መድረክ የግድ ከሆነ ከወንዙ ማዶ ይተከል፤ እኔም ሥራዬን ስጨርስ መጥቼ ከሁሉ አብልጬ አጨበጭብላችኋለሁ፤ በማጨብጨብም የሚበልጠኝ የለም። ሾላው ሥር ግን እንደ ድሮው ጎንበስ ያሉ ሰዎች ብቻ ይኑሩ። ዕርቁ ከተቃጠለበት ተርፎ እንደሆነ ቄስ ገብረ ሊባኖስና አባባ ሐምዳን አመዱን ገላልጠው ፍሙን ይፈልጉት፤ ለዚህ ጸጥታ እንጂ ማጉያ አያስፈልጋቸውም።

ይህን ሁሉ ስል ድፍረት ሆኖብኝ ከሆነ በፊደል አዲስነቴ ይቅር ይበሉኝ። በመድረክዎ ከፍታ ልክ የማከብርዎ፣ ለካሜራዎችዎ ሁሉ ረጅም ዕረፍት የምመኝልዎ፣ በትሕትናም ማንም የማይደርስብኝ፣

የእግር ውኃ አሙቂው ዋኘው ፈንታሁን
(ፊርማው በእጅ እንጂ በጣት አይደለም)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ለገለቴ ጮክ ብዬ ሳነብላት የአብስራ ለካ በራፉ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገብቶ ተቀመጠና ስለ እሱ የጻፍኩትን ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። ከዚያ እንዲህ አለ፦ «በዋዜማው ዳር ላይ የምታጥበው እናቴ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ስም የሌለው እንግዳ ተከናንቦ ከመጣ አጥባለሁ፤ ቀና አልልም። ካሜራ ካየሁ ግን ቀና እላለሁ።» ቃሉን አንድ ፊደል ሳልጨምር ጽፌዋለሁ። ለዚህች ቃል ዜማ የሚያወጣላት ዘማሪ ካለዎት፣ ክቡር ሰብሳቢ፣ ይዘውት ይምጡ።